የአጫራቹ ጉሮሮ

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ሬኔ ናት ጻፍ ያለችኝ። የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓት፣ ያቃጠለዎትን... "ለሦስት ሳምንት ብቻ አቶ ኤልደን፣ ምን አለበት?" የክሊኒኩ ነርስ ናት። በሽንት ጨርቅ ስትድህ የማውቃት የጎረቤት ልጅ፣ ዛሬ ታዘኛለች። እሺ ብያለሁ እንግዲህ።

ደብተሩ ከማጫርትበት የከብት ጨረታ ቤት የመጣ ነው። የላም ቁጥር የምንጽፍበት። አሁን የኔ እንቁላል ይጻፍበታል።

ቁርስ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት፦ ሁለት እንቁላል፣ አራት ቁራጭ ቤከን፣ ቡና ሁለት ኩባያ። ምሳ፣ ጨረታ ቤቱ ካፌ፦ ቺሊ፣ ያ የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ ከነቀረፋ ዳቦው። ሐሙስ ነዋ። ሐሙስ ቀን ከዚህ ሌላ የሚበላ ሰው በዚህ አውራጃ አላውቅም። ከዚያ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስምንት መቶ ከብት አጫረትኩ። እራት፣ ማታ ሦስት ሰዓት፦ ስቴክ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ቡና። ወዲያው ተኛሁ።

ቃር። ተነስቼ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ ጠጣሁ። አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚያደርገው። አገሳሁ፣ ቀለለኝ።

የመጨረሻዎቹ መቶ ከብቶች ላይ ድምፄ ሻከረ። ብርዱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

አፌ ሬት ሬት ይላል። ባለቤቴ አርሊስ ተኮሳትራ ቡና ቀዳችልኝ። "ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮህን ስትጠርግ አደርክ። እህ፣ እህ፣ እህ... የማይነሳ ትራክተር አጠገብ የተኛሁ ነው የመሰለኝ።" አንቺስ ታንኮራፊ የለ አልኳት። 

ከቀትር በኋላ ዴልበርት መጣ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፣ አጥራችንም አንድ ነው። ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እንዲህ ሲሆን ነገር አለ ማለት ነው።

"ልሸጣቸው ነው" አለ።

"የትኞቹን?"

"ሁሉንም። ሁለት መቶ አስሩንም። ማርች ሃያ።"

ጉልበቱ አልቋል። ሚስቱ ማርዴል ካረፈች ሁለት ክረምት ሆነ፤ ልጅ የላቸውም።   አርሊስ ፓይ ቆርጣ ሰጠችው፣ ሳይነካው ቀረ።

"አንተ ነህ የምታጫርታቸው" አለኝ። "ማርዴል በየስማቸው ትጠራቸው ነበር። አንተ ደግሞ እናታቸውንም አያታቸውንም ሸጠህልኛል። ሌላ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ ቁጥር ብቻ እንዲያነብባቸው አልፈልግም።"

"እኔ እያለሁ ማን ሊነካቸው!" አልኩ። መሃል ላይ ድምፄ ቅ... ብሎ ተቆረጠ። ያልሰማ መስሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰምቷል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ቃር። የሚታኘከውን ኪኒን ሦስት። ፒክአፕ ውስጥ ያለው ጥቅል አለቀ። ሬኔ የሰጠችኝን የአሲድ ኪኒን፣ ኦሜፕራዞሉንም፣ አንድ ጨመርኩበት። ምንም ለውጥ የለም... ይሄ መድኃኒት ነው እንግዲህ?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ምሳ፦ ቺሊ፣ ቀረፋ ዳቦ። ቡና፣ አልቆጠርኩም።

በሁለተኛው ሰዓት ላይ ድምፄ መንሸራተት ጀመረ። መድረኩ ላይ ካለው ሳህን ሚንቴን አነሳሁ፣ ከምላሴ ሥር ከተትኩ፣ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። እንደገና። በአራተኛው ሰዓት አፌን ከፈትኩ፣ ነፋስ ብቻ ወጣ። ረዳቴ ትራቪስ ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ። "ትንሽ ይረፉ አለቃ።" አርባ ዓመቱ ነው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኔው ነኝ ሥራውን ያስተማርኩት። ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩነቱ አናደደኝ።

አርሊስ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ቆጥራለች። ከምሳ እስከ ማታ ጉሮሮዬን ሃያ ስድስት ጊዜ ጠርጌያለሁ አሉ። ሥራ ፈት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ውሽንፍር። መንገድ ተዘጋ፣ ጨረታ የለም። ቀኑን ሙሉ ቤት ተጎልቼ አርሊስ የሠራችውን ቸኮሌት ኬክ ስበላ ዋልኩ። ተቃጠልኩ። ጎንበስ ብዬ ቦት ጫማዬን ሳስር ወደ አፌ መጣ... መራራ ውሃ። ይሄን ለሬኔ እጽፋለሁ? እሺ፣ ጽፌያለሁ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ጠዋት ክሊኒክ ነበርኩ። ሬኔ ደብተሩን አነበበች፣ ስለ አርሊስ ማንኮራፋት የጻፍኩት ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"ኪኒኑን መቼ ነው የሚወስዱት?"

"ሲያቃጥለኝ ነዋ!"

"የራስ ምታት ኪኒን አይደለም እኮ አቶ ኤልደን! በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። በባዶ ሆድ። ቢያቃጥልዎትም ባያቃጥልዎትም።"

ይሄን ማን ነገረኝ? ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል አለች። ማን ጠርሙስ ያነባል?

ከዚያ ቀበቶዬን አየች። ዘለበቱ የእጅ መዳፍ ያክላል። የክፍለ ሀገሩ የአጫራቾች ሻምፒዮን የሆንኩ ጊዜ የተሸለምኩት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ከወገቤ አልወረደም፣ ሆዴ ነው የጨመረው። "ይሄ ሆድዎን ወጥሮ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያውልቁት" አለች። ሱሪዬስ? "ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን ይግዙ።" እንደ አያቴ።

እየተናገረች ሳለ ዝም ብላ አፌን ማየት ጀመረች።

"አፍዎ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"ምን አለ?"

"የሚመጥጡት ነገር አለ።"

"እእ... ሚንት ከረሜላ ነው።"

"ደብተሩ ላይ ከምግቡ ጋር አልቆጠሩትም።"

"ምግብ አይደለማ! የሥራ ዕቃ ነው!"

በቀን ስንት አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሃያ፣ ሃያ አምስት። በሌላው ቀን አሥር። ስንት ዓመት? ሠላሳ አንድ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የከብት ሰው ልጅ ናት፣ በሚገባኝ አስረዳችኝ። በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል በር አለ፣ እንደ በረት በር። ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ወደ ውጭ አያስወጣም። ሚንት መቀርቀሪያውን ያላላዋል። ቡናውም፣ ቸኮሌቱም፣ ቅባቱም እንደዚያው። ከዚያ በልቶ መተኛት አለ፣ ያን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ከብቱ ሁሉ ይወጣል። አሲዱ እስከ ጉሮሮ ይደርሳል። ድምፅ የሚያወጡትን ጅማቶች ያቃጥላል። ሲቃጠሉ ሰውየው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሲጠርግ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ ሲጋጩ ይብሳሉ።

"ከዚያ ሰውየው ሚንት ያነሳል" አልኩ።

"አዎ" አለች።

ሚንቱን ከአፌ አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩት። የት ልጣለው? ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።  የአጫራቾች ትምህርት ቤት ውስጥ ሽማግሌው አስተማሪያችን ነበር የነገረን፤ ሚንት ከምላስ ሥር፣ ጉሮሮ አይደርቅም ብሎ። መድረኩ ላይ ያለውን የብርጭቆ ሳህን እኔ ነኝ የገዛሁት። ትራቪስንም የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነበር ያልኩት፦ "መዶሻውን ብትረሳ ይቅር፣ ሚንቱን እንዳትረሳ።"

በገዛ እጄ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 1

ትናንት ማታ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረግን። ትራስ መደራረብ አይሆንም፣ ሆድ ያጥፋል ብላለች ሬኔ። አሮጌ የአጥር ምሰሶ በመጋዝ ቆርጬ ከእግሮቹ ሥር አስገባሁ። ስንዝር ይሆናል። አርሊስ ጠዋት ግርጌው ላይ ተጠቅልላ ተገኘች፣ ተንሸራታ። "በዚህ ዕድሜዬ ሸርተቴ!" አለች። ሳቅን። ሳቅ ጉሮሮዬን አሳከከኝ፣ አልጠረግሁትም። ውሃ ጎረስኩ።

ከዚያ ተኝቼ አባቴ ትዝ አለኝ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ዓመታት ሳሎን ወንበር ላይ ነበር የሚተኛው፣ ቁጭ ብሎ። ወንበሩን ስለሚወድ ይመስለን ነበር። እናቴ ትቀልድበት ነበር፣ "ያገባሁት ወንበር ነው" እያለች። የኋላ ኋላ ዳቦ እንኳን በውሃ ካልሆነ አይወርድለትም ነበር። ማንም አልጠየቀው። እሱም አልተናገረም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ኪኒን፣ አስራ አንድ ተኩል። ቁርስ፣ አስራ ሁለት ሰዓት፦ አጃ። ምሳ፦ አጃ።

ካፌው ውስጥ የምታስተናግደው ዶና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው ማለት ይቻላል። "ሐሙስ ቀን አጃ? ማን ሞተ?" ገዢዎቹ ሁሉ ዞር አሉ። አንዱ የሱሪ ማንጠልጠያዬን ከኋላ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ጯ! "ሻምፒዮኑ አያት ሆነ!" ሳቅኩላቸው። ምን ላድርግ?

ያለ ሚንት አጫረትኩ። እጄ ራሱን ችሎ ወደ ሳህኑ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ፣ ይሄዳል። አርሊስ ከታች ሆና በዓይኗ ታዘኛለች። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ ትራቪስ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

አምስት ቀን ቃር የለም። አምስት ቀን! እንደዚህ ከሆነ እስከ ማርች ሃያ የት እደርሳለሁ? ለዴልበርት ደወልኩለት፣ "አትስጋ" አልኩት። ስልኩ ውስጥ የተሰማው የኔ ድምፅ ግን... የማላውቀው ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ኦማሃ። ሬኔ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልካን፣ የአምስት ሰዓት መንገድ። አርሊስ ነዳች።

በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገቡ፣ ቀጥሎም አስተኝተው እስከ ጨጓራዬ ወረዱ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ሥዕሉን አሳየችን። ነጭና ለስላሳ መሆን የነበረበት ነገር ቀይ ነው፣ ወፍራም፣ አንደኛው ዳር ላይ ጠባሳ። ብረት የበላው አሮጌ ቆዳ። ታች ደግሞ የቧንቧው ሽፋን መልኩን ቀይሯል። ቁራሽ ወስደዋል። "ካንሰር አይመስለኝም፣ ውጤቱን ግን እንጠብቅ። ከዚህ በኋላ በየጊዜው ማየት አለብን፣ እንዳይቀሩ።"

አርሊስ እጄን ያዘች። እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው።

"ድምፄስ?"

"ማቃጠሉን እናቆመዋለን። አሁንም እየቆመ ነው፣ በርትተዋል። ጠባሳው ግን..." ሥዕሉን በእስክሪብቶዋ ጠቆመች። "ከሰው ጋር ለመጫወት የሚሆን ድምፅ ይኖርዎታል። ቀኑን ሙሉ ለማጫረት ግን ተስፋ ባልሰጥዎት ይሻላል።"

"አንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልገው" አልኳት። "ማርች ሃያ። አንድ ከሰዓት።"

እስከዚያ አይናገሩ አለች። ጭራሽ። ማንሾካሾክም የለም፣ እሱ ይብሳል። አራት ሳምንት ዝምታ። ቃል አልገባልዎትም አለች።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ዝም ብያለሁ። ለአርሊስ በትንሽ ወረቀት እጽፍላታለሁ። "አርባ ዓመት የጸለይኩት ነው የተሰማልኝ" ትለኛለች። ዛሬ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አለቀሰች። ውሃው ምን ይሸፍናል? እኔ ድምፅ ነው እንጂ ጆሮ አላጣሁም።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ውጤቱ መጣ። ካንሰር የለም። ከዓመት በኋላ ይታያል። አርሊስ ለልጃችን ደውላ ነገረቻት። ደስ ይበለኝ እንዴ? ደስ ብሎኛል። ብሎኛል መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ኪኒን በሰዓቱ። እራት አስራ አንድ ሰዓት፣ ዶሮ፣ ሩዝ። እስከ ሁለት ሰዓት አልተኛሁም። በግራ ጎኔ። ቃር የለም፣ ሠላሳ ሁለት ቀን።

ዴልበርት መጣና አብሮኝ ዝም አለ። ዝም ማለት ይችልበታል። የላሞቹን ዝርዝር አምጥቶ አጠገባቸው ስማቸውን በእርሳስ ጻፈልኝ፣ ማርዴል ያወጣችላቸውን። ቁጥር አርባ አንድ ዶሮቲ። ቁጥር አርባ ሁለት እመቤት፣ አጥር ትዘላለች። ቁጥር ስልሳ ሰባት አንድ ጆሮዋን ብርድ የበላት። አብሬ አነበብኩ፣ በዓይኔ።

ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ "ባይሆንም..." አለ። በእጄ አስቆምኩት። ይሆናል።

ሐሙስ፣ ማርች 20

አሁን ካልጻፍኩት አልጽፈውም።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከሦስት አውራጃ መጥተዋል። ዴልበርት የፊት ወንበር ላይ፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ልማዱ ነው፣ አንድ ሰው ከብቱን ሁሉ ሲሸጥ አጫራቹ መጀመሪያ ስለ ሰውየው ይናገራል። ተነሳሁ። ሳህኑን ከፊቴ ገፋሁት። ስለ አባቱ፣ ከጦር ሜዳ ተመልሶ በስድስት ጊደር ስለመጀመሩ ተናገርኩ። ስለ ማርዴል ተናገርኩ፣ በውሽንፍር ጥጃ ኩሽና አስገብታ በፀጉር ማድረቂያ ስለማሞቋ። ድምፄ ሻካራ ነበር፣ ግን ነበር።  ውስጤ "ይኸው!" አለ።

የመጀመሪያዋ ገባች። "ሁለት ሺህ ዶላር አለኝ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ማነው፣ ሁለት አንድ፣ ሁለት አንድ፣ ሁለት ሁለት..." ዜማው መጣ! እግሬ ሥር ያለው ጣውላ ሳይቀር አወቀኝ። ገዢዎቹ ዋጋ ሲጨምሩ አንዱ በኮፍያው ጫፍ፣ አንዱ በትንሿ ጣቱ፣ አንዱ ቅንድቡን ብቻ... ሁሉንም ያዝኩ። ሸጥኩ። ሁለተኛዋን። አምስተኛዋን። ዘጠነኛዋን።

አስራ አንደኛዋ ላይ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ታጠፈ። ሸጥኳት። አስራ ሁለተኛዋ ገባች፣ ጥቁር፣ ደረቷ ሰፊ። ስሟን አውቀዋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ አለ። አፌን ከፈትኩ። ምንም። ውሃ ጠጣሁ። ምንም። ላሟ ክቡን አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ቆመች፣ ቀና ብላ አየችኝ።  ዴልበርት ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ መሬት መሬት አየ።

ትራቪስ ማይኩን ከእጄ አልወሰደም፣ አላዘዝኩትምና። ጠበቀኝ። በመጨረሻ እኔው ነኝ ማይኩን ያቀበልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቁጥር ብቻ ነው የተነበበው። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ስልሳ ሰባት። ስሞቹን የያዘው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ለትራቪስ ብሰጠው እኮ ያነባቸው ነበር፣ ለምን አልሰጠሁትም? አላሰብኩትም። ወይስ አስቤዋለሁ?

ሲያልቅ ዴልበርትን ፒክአፑ አጠገብ አገኘሁት። "አስራ አንዷን ሰማሁ" አለኝ። "ይበቃኛል።"

አልበቃውም።

አርብ፣ ማርች 21

ቃር የለም።

ረቡዕ፣ አፕሪል 2

የጨረታ ቤቱ ባለቤት ቤታችን ድረስ መጣ። ኬክ ይዞ። ኬክ ይዞ ሲመጣ ገባኝ። "ወንበርህ ምንጊዜም አለ" አለኝ። የትኛው ወንበር? መድረኩን ለትራቪስ ሰጡት። ትክክል ነው። እኔም ብሆን ለሱ እሰጠው ነበር። አርሊስ ኬኩን ለውሾቹ ወረወረችው፣ ከነካርቶኑ።

ሐሙስ፣ አፕሪል 10

የፈጠርኩት ጉድ።

አልሄድም ብዬ ሄድኩ። ጥግ ቆምኩ። ትራቪስ አሪፍ ነው፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ይፈጥናል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ "እህ" አለ። ማይኩን ዞር አድርጎ፣ "እህ።" እጁ ወደ ሳህኑ ሄደ። ሚንቱን ከምላሱ ሥር ከተተ፣ ልክ እንዳሳየሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና።

ከጥግ ሆኜ "ትራቪስ!" ልለው ሞከርኩ። አጠገቤ የቆመው ሰው እንኳን አልሰማኝም።

ሄድኩ። ከብት እየተሸጠ፣ ጨረታው እየተካሄደ፣ ደረጃውን ወጣሁና ሳህኑን አነሳሁ። ይዤው ወረድኩ። ውጭ አውጥቼ ጭቃ ላይ ደፋሁት። ስመለስ ጨረታው ቆሞ ነበር። ትራቪስ ፊቱ ቀልቷል። ማይኩን በእጁ ሸፍኖ፣ "አለቃ፣ ቅር ብሎዎት እንደሆነ ለብቻችን እናውራ። እንደዚህ አያድርጉ፣ በሰው ፊት" አለኝ። በጣቴ ጉሮሮዬን አሳየሁት፣ ሳህኑን አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። አዘነልኝ።

ዶና በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ና ቁጭ በል፣ አጃ ልሥራልህ" አለች፣ እንደ ሕፃን።

አርሊስ ሰምታለች። "ቀንቶ ነው እያሉህ ነው።" አውቃለሁ። ትንሽ እውነት የለውም ወይ? አለው። ትንሽ። ግን ለዚያ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ አፕሪል 12

ትራቪስ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ እራት አቀረበች፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ስቴክ። ምንም አልበላሁም። ወረቀት ላይ ሁሉንም ጽፌ ሰጠሁት፤ ስለ በሩ፣ ስለ ሚንቱ፣ ስለ ጠዋቱ ኪኒን፣ ሬኔን አማክር፣ ኦማሃ ሂድ፣ ጊዜ ሳለህ። በጨዋነት እስከ መጨረሻው አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

"አመሰግናለሁ አለቃ። እኔ ግን ቃር የለብኝም እኮ። ጉሮሮዬን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል እንጂ። ብርዱ ነው።"

ሚስቱ ሳቀች፣ "ሌሊቱን ሙሉ እህ እህ ሲል ነው የሚያድረው" አለች።

በቀረኝ ድምፅ "እኔም ብርዱ ነው ብዬ ነበር" አልኩት። በጣም ቀርቤ ስለተናገርኩ ሰምቷል። ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ኪኒን፣ አስራ አንድ ተኩል። ቁርስ፦ አጃ፣ ሙዝ። ምሳ፦ የዶሮ ሾርባ፣ ከካፌው። ዶና አሁን ሳትጠየቅ ነው የምታመጣው። ቡና የለም። ቃር የለም። ስንት ቀን እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፣ ዴልበርትና እኔ። አንድ ላም የለውም፣ ሐሙስ ግን አይቀርም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ወንበር አይቼው አላውቅም፣ ቤቱ ትልቅ ነው ለካ። አንዲት ጥሩ ጊደር ስትገባ ዴልበርት ሳያስበው ጆሮውን አከከ። እሱ ዋጋ የሚጨምርበት ምልክቱ ነው። እኔ ነበርኩ የማውቀው። ትራቪስ አላየውም። ደግነቱ።

መድረኩ ላይ አዲስ ሳህን አለ። ከድሮው ይሰፋል። ሚንት አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶበታል።

ትራቪስ በመጀመሪያው ሰዓት ጉሮሮውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠረገ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።